የአእምሮ ጥናት ዳታችን ፍላሽ ላይ አይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በጣና ዙሪያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ስለ ድብርት፣ ስለሚጥል በሽታ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጫትና መጠጥ፣ ስለ ልጆች ትምህርት አቀባበል በየዓመቱ ብዙ የመመረቂያ ጥናት ይሠራል። ዳታ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ይጠይቃሉ፤ ሲያስፈልግም በጀልባ ደሴት ድረስ ይዘልቃሉ። እናቶች የጣዱትን ድስት ትተው ቁጭ ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ጥናቱ ይቀርባል፣ ይጠረዛል፣ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ዳታው ራሱ ግን ተማሪው ላፕቶፕ ውስጥ ወይም አንድ ፍላሽ ላይ ይቀራል። ላፕቶፑ ሲቃጠል፣ ፍላሹን ቫይረስ ሲበላው፣ ተመራቂው ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አብሮ ይጠፋል።

ይህን የምንጽፈው የምርምር ዳታ በማደራጀት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀውም አንድ ነገር ነው። በአእምሮና በባህርይ ጥናት የተሰበሰበ ዳታ የሰው ማንነት የሚያጋልጠው ነገር ወጥቶለት፣ ሌላ ሰው ሊረዳው በሚችል መልክ ተጽፎ፣ ጥናቱ ከመፈረሙ በፊት ቋሚ ማከማቻ ይግባ። ይህን እዚሁ ያለን ሰዎች ካልሠራነው ሌላ ሊሠራልን የሚችል የለም። ዳታው የእኛን ቀን አቆጣጠር፣ የእኛን ሰዓት፣ የእኛን ፊደል ይዟል፤ ዓለም የሚሠራባቸው የዳታ መመሪያዎች ደግሞ እነዚህን አስበው የተጻፉ አይደሉም።

«ለሚጠይቀን እንሰጣለን» የሚለው የተለመደ መልስ በተግባር ሲፈተን ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ዳታቸውን ለጠየቀ እንደሚሰጡ በጽሑፋቸው ቃል የገቡ የ1,792 የሕክምናና የጤና ጽሑፎች ደራሲዎችን ጠየቀ። የተገኘው የ122ቱ ብቻ ነው፤ ከመቶ 7 አይሞላም። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 22 ዓመት የሆኑ 516 የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን ተከታትሎ፣ ዳታው የመገኘት ዕድሉ በየዓመቱ በ17 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህ ኢንተርኔትና ቋሚ ኢሜይል ባላቸው አገሮች ጭምር የሆነ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ በትክክል ይሠራል፤ «ለሚጠይቀን እንሰጣለን» በቃል ያለ ነውና።

የባህርይ ጥናት ከሌላው ዘርፍ ይልቅ ይህን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ታትመው የነበሩ 100 ጥናቶችን እንደገና ሠርተው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው በስታቲስቲክስ የጎላ ውጤት አግኝተው ነበር፤ ሲደገሙ ግን ያንን ያገኙት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥሬው ዳታ ከሌለ ስሕተቱ በቆጠራ ይሁን፣ በመጠይቁ ይሁን፣ በተጠያቂዎቹ ልዩነት ይሁን መለየት አይቻልም። ስለ ሰው አንጎል ዛሬ የሚጻፈው አብዛኛው ነገርም የሚመነጨው እንደ እንግሊዙ ዩኬ ባዮባንክ ካሉ ግዙፍ ስብስቦች ነው፤ እሱ ብቻ ሲመዘገቡ ከ40 እስከ 69 ዓመት የነበሩ ግማሽ ሚሊዮን ሰዎችን ይዟል። የዘጌ ቡና ለቃሚ፣ የደቅ ዓሣ አስጋሪ በዚያ ውስጥ የሉም። የእኛ ዳታ ትንሽ ቢሆንም ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ቀን ነው።

አንድ መጠይቅ ላይ «05/06/2015» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ማለት ነው። አውሮፓዊ አንባቢ ጁን 5 ቀን 2015 ብሎ ያነበዋል፤ አሜሪካዊ ደግሞ ሜይ 6 ቀን 2015። ሦስቱም ትክክለኛ ቀን ስለሚመስሉ ኮምፒዩተሩ ምንም ቅሬታ አያሰማም። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ይብሳል። ጳጉሜን 3 «03/13/2015» ተብሎ ከተጻፈና ኤክሴሉ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ማርች 13 ያደርገዋል፤ ስድስት ወር ገደማ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ ማለት ነው። የካቲት 30 ደግሞ «30/06/2015» ተብሎ ሲገባ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ 30ኛ ወር የሚባል ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርና ከስሌት ይወጣል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ2015 ዓ.ም. 35 ዓመቱ ነው። የልደት ዘመኑ በእኛ፣ የቃለ መጠይቁ ቀን በስልኩ አቆጣጠር 2023 ሆኖ ከተቀነሰ 43 ይሆናል። ስምንት ዓመት የጨመረ ሰው በማስታወስ ችሎታ ፈተና ላይ «ለዕድሜው ጎበዝ» ሆኖ ይታያል፤ ውጤቱም የተሳሳተው በፈተናው ሳይሆን በመቀነሱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በስልክ የሚሰበሰብ ከሆነ ኮቦ እና ኦዲኬ የሚባሉት የዳታ መሰብሰቢያ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የመጠይቅ ቅርጽ ለቀን ጥያቄ «ኢትዮጵያን» የሚል የአቀራረብ ምርጫ አለው። ዳታ ሰብሳቢው በስልኩ መተግበሪያ ላይ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ይመርጣል፤ የሚቀመጠው ግን በጎርጎርዮስ ነው። በወረቀት ከሆነ የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ፤ ቁጥር አታስጽፉ። ሲገባ ሁለት ዓምድ ይኑር፤ አንዱ እንደተጻፈው፣ ሌላው ወደ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተራ የተለወጠው። «ሰባት ዓመት ደምር» የሚል ደንብ አትጠቀሙ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

ሰዓት ከቀን የከፋ ወጥመድ አለው፤ ስሕተቱ ራሱን ይደብቃልና። የእንቅልፍ ጥናት ላይ አንድ ገበሬ «4 ሰዓት እተኛለሁ፣ 12 ሰዓት እነሳለሁ» ይላል። ማታ 4 እና ጠዋት 12 ማለቱ ነው። በአውሮፓ ሰዓት ቢነበብም 12 ሲቀነስ 4 ያው 8 ነው፤ የእንቅልፉ ርዝመት ልክ ይመጣል፤ መርማሪውም ረክቶ ያልፋል። የእንቅልፉ መካከለኛ ሰዓት ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ጎህ ሲቀድ በሬ የሚጠምድ ሰው በውጭ አንባቢ ግራፍ ላይ እስከ እኩለ ቀን የሚተኛ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ የመኝታው ሰዓት በቃል በእኛ አቆጣጠር፣ የመነሻው ደግሞ እጅ ላይ ከሚታሰር የእንቅስቃሴ መለኪያ ከመጣ፣ 4 እና 6 ተቀናንሰው የ2 ሰዓት እንቅልፍ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ዓምድ የግድ ነው። ዳታውን የሚያጅበው ማብራሪያም ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተመዘገበ፣ አገራችን ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እንደምትቀድም፣ በክረምትና በበጋ ሰዓት እንደማንለውጥ ይግለጽ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር በእኛ አነጋገር የቀደመው ቀን ሌሊት ሊባል ይችላል፤ ስልኩ ግን ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ለውጦታል። ማኅሌት ቆመው ስለሚያድሩ ሰዎች እንቅልፍ የሚያጠና ሰው ይህን ካልጻፈ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ይዛነፋሉ።

ፊደላችንም ቆጠራ ያዛባል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ያለችው ከተማ በአንድ ፋይል ውስጥ ሐሙሲት፣ ሀሙሲት እና ሃሙሲት ሆና ትገኛለች። ለእኛ አንድ ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ከተሞች ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ክፍለ ከተማ በ«አ፣ ዐ፣ ዓ» እና በ«ፄ፣ ጼ» ብቻ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ባሕር ዳር ራሷ በ«ሕ» እና በ«ህ»፣ ተነጥላም ተጣብቃም አራት ትሆናለች። የቦታ ስም በእጅ እንዲጻፍ አትፍቀዱ፤ ከዝርዝር ይመረጥ፣ የሚቀመጠውም ቁጥር ይሁን። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተተየበ ዳታ ካለ ሳይውል ሳያድር ኮምፒዩተሮች ሁሉ ወደሚያነቡት የፊደል ደረጃ፣ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር ላይ የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ሆኖ ነው የሚታየው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታልና ምክንያት የለም። ከኤክሴል ስታወጡ ደግሞ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

ስለ ባዶ ቦታ ሳንናገር አናልፍም፣ እዚህ ላይ የሰው ሕይወት አለና። ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድብርት መለኪያ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 አይበልጥም። ያልተመለሰ ጥያቄ 99 ተብሎ ከተሞላና ይህ ካልተነገረ፣ ሌሎቹን ስምንቱን በ1 የመለሰ ሰው 107 ያገኛል። ይህ ስሕተት ቢያንስ ይታያል። የማይታየው ባዶውን በ0 መሙላት ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን የመጉዳት ሐሳብን የሚመለከት ነው፤ ሰው በአፍረት ወይም በፍርሃት ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው 0 ተብሎ ሲሞላ «ሐሳቡ ጭራሽ የለም» ሆነ። ስለዚህ «አልመለሰም»፣ «አልተጠየቀም»፣ «አላውቅም አለ» የሚሉት ሦስቱ የየራሳቸው ኮድ ይኑራቸው፤ ኮዶቹም ማብራሪያው ላይ ይጻፉ።

ማብራሪያ ስንል የኮድ መፍቻ ማለታችን ነው። ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ መስመር፤ ስሙ፣ ጥያቄው በአማርኛ ቃል በቃል፣ የሚቻሉት መልሶች፣ መለኪያው፣ የባዶው ኮድ። የአማርኛው ቃል በቃል መኖሩ ለይስሙላ አይደለም። «ጭንቀት» የሚለውን ቃል አንዱ ተርጓሚ ለሥጋት፣ ሌላው ለኑሮ ጫና ይጠቀምበታል፤ የእንግሊዝኛው ርዕስ ብቻ ከተቀመጠ የትኛው እንደተጠየቀ አይታወቅም። ተጠያቂው ራሱ አንብቦ ሞላው ወይስ ተነበበለት? ጠያቂዋ ሴት ነበረች ወይስ ወንድ? በ«አንተ» ተጠየቀ ወይስ በ«እርስዎ»? ይህ ሁሉ መልስ ይለውጣል። የጠያቂው ስም ይውጣ እንጂ የጠያቂው ኮድ ከዳታው አይውጣ። 9 ጥያቄ በ40 ሰከንድ የጨረሰ ጠያቂ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞልቶ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው እሱ ነውና። መጠይቁን ስታስቀምጡ ግን የባለቤትነት መብት ያለባቸውን ለዩ። ፒኤችኪው 9 በነፃ ይሰራጫል፤ የቤክ የድብርት መለኪያና አጭሩ የአእምሮ ሁኔታ ፈተና በገንዘብ የሚሸጡ ናቸው፤ ውጤታቸውን እንጂ ጥያቄያቸውን መለጠፍ አይቻልም።

የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ላይ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደተጻፈ የሚገልጽ ማስታወሻ ይገኛል። ብራናው ከዕቃ ቤት ወጥቶ ሌላ አገር ቢገኝ እንኳ ከየት እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። የኮድ መፍቻ ማለት ያ ማስታወሻ ማለት ነው።

አሁን ስለ ኢኢጂ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ይህ መሣሪያ ከኤምአርአይ ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው፤ ፋይሉም ትንሽ ነው። ራስ ላይ የሚለጠፍ 19 ኤሌክትሮድ፣ በሰከንድ 256 ናሙና፣ በናሙና 2 ባይት፣ 30 ደቂቃ ቢቀዳ 17.5 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የመቶ ሰው ቅጂ 1.75 ጊጋባይት ነው፤ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጫናል። «ኢንተርኔታችን አይችለውም» የሚለው ለኢኢጂ አይሠራም።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ኢኢጂ ብዙ ጊዜ ኢዲኤፍ በሚባል የፋይል ዓይነት ይወጣል። የዚህ ፋይል የመጀመሪያዎቹ 256 ፊደላት ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ ከ9ኛው እስከ 88ኛው ያለው ቦታ ለታካሚው ተሰጥቷል፤ መሣሪያው ስሙንና የልደት ቀኑን እዚያ ያስገባል። የፋይሉን ስም «001» ብላችሁ ብትለውጡም ስሙ ውስጥ አለ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የፋይሉን ግልባጭ በኖትፓድ ክፈቱት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሰውየው ስም ከነአባቱ ይነበባል። እዚያው ኖትፓድ ላይ አጥፍታችሁ ብታስቀምጡ ግን ፋይሉ ይበላሻል፤ ከጽሑፉ ቀጥሎ ያለው የአንጎል ምልክት ጽሑፍ አይደለም፣ ኖትፓድም ይለውጠዋል። ቦታው 80 ፊደል ሆኖ መቆየት ስላለበት አንድ ፊደል ቢጎድል ተከታዩ ሁሉ ይንሸራተታል። ኢዲኤፍብራውዘር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዚህ መግቢያ ጽሑፍ (የራስጌ) ማስተካከያ አለው፤ በእሱ ይሠራ። የቀረጻው ቀንም ይነሣ። ፋይሉ ዘመኑን በ2 አሃዝ ስለሚይዝና 85 ማለት 1985 ስለሆነ 01.01.85 ማድረግ የተለመደ ነው። ቀረጻው ላይ ቴክኒሻኑ የጻፋቸውን ማስታወሻዎችም አንብቡ፤ «እናቱ ስሙን ስትጠራው ዓይኑን ገለጠ» ብሎ ስሙን ጽፎት ይሆናል።

ከዚያ ቢድስ በሚባለው አደረጃጀት ይቀመጥ። ቢድስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኤምአርአይ የወጣ፣ በ2019 ለኢኢጂ የተስፋፋ የአቃፊና የፋይል ስም ደንብ ነው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ አቃፊ፣ ለእያንዳንዱ ቀረጻ አንድ የመግለጫ ፋይል ይጠይቃል። መግለጫው ላይ የግድ ከሚሞሉት አንዱ የመብራቱ ድግግሞሽ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው። የአሜሪካ መሣሪያ ከነአሜሪካ ማስተካከያው ከተሠራበት 60 ላይ ያጣራል፤ የእኛ የመብራት ጩኸት ግን 50 ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ተንታኙም የአንጎል ሞገድ ይመስለዋል። በጄኔሬተር የተቀዳ ከሆነ ድግግሞሹ ስለሚዋዥቅ ይጻፍ። የኤሌክትሮድ ስምም ይለያያል፤ የድሮው ቲ3 የአሁኑ ቲ7 ነው፣ ቲ4 ቲ8፣ ቲ5 ፒ7፣ ቲ6 ፒ8። አንዱን መርጦ መጻፍ እንጂ ማደባለቅ አይሆንም። ፋይሎቹ ደንቡን መከተላቸውን የሚመረምረው መሣሪያ ብራውዘር ላይ ይሠራል፤ ዳታውን ወደ ውጭ አይልክም፣ እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ ያነበዋል።

ቢድስ የማይጠይቀውን እኛ እንጨምር። ሹሩባ የተሠራ ፀጉር ኤሌክትሮዱን ከትክክለኛ ቦታው ያርቀዋል፤ ቅቤ የተቀባ ራስ ደግሞ ምልክቱን ያደክማል። ፀጉሩ ምን ዓይነት እንደነበር፣ መታጠቡ፣ ኤሌክትሮዶቹ የነበራቸው ተቃውሞ በኪሎ ኦም ይጻፍ። ተሳታፊው ጾም ላይ ነበር ወይ? መጨረሻ የበላው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ቡና ጠጥቷል? በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ኢኢጂ ቁርስ ከበላ ሰው ጋር በጭፍን አይነጻጸርም። እነዚህ ስድስት ዓምዶች ናቸው፤ ሲቀዳ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም፤ በኋላ ግን በምንም ዋጋ አይገኙም።

ኤምአርአይ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የራስ ምስል ፊትንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሙከራ ከ84 ሰዎች የ70ዎቹን ማንነት የፊት መለያ ፕሮግራም ከኤምአርአይ ምስላቸው ለይቷል። ፊቱ ሳይቆረጥ ምንም ምስል አይውጣ፤ ፓይዲፌስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ ከሠራ በኋላም እያንዳንዱን ምስል በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ስም ማንሣት ግን ማንነትን መደበቅ ማለት አይደለም። በተለይ እንደ እኛ ባለ ሁሉ በሚተዋወቅበት አካባቢ። «ወንድ፣ 71 ዓመት፣ ደቅ ደሴት፣ መሪጌታ፣ የሚጥል በሽታ» የሚል አንድ መስመር ስም የለውም፤ ደሴቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ግን ያውቃቸዋል። የሚጥል በሽታ በቤተሰብ ላይ የሚያመጣው መገለል፣ ልጅ ለመዳር እስከመቸገር ድረስ፣ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ቦታው «ጣና ዙሪያ»፣ ዕድሜው «60 እና ከዚያ በላይ»፣ ሥራው ይውጣ። ደንባችን ይህ ነው፤ የቦታ፣ የጾታ፣ የዕድሜ ክልልና የሥራ ጥምረት ቢያንስ 5 ሰው ካልያዘ ይጠቅለል። እንደ ነገደ ወይጦ ያሉ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ማኅበረሰቦች ላይ ደግሞ የግለሰቡ ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ክብርም አለ፤ ዳታው ከመውጣቱ በፊት ከራሳቸው ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። በኮቦ የተሰበሰበ ዳታ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የስልኩን መለያ፣ የጠያቂውን መጠቀሚያ ስም፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሰዓቶቹን ከማጥፋታችሁ በፊት ቃለ መጠይቁ የፈጀውን ደቂቃ አስሉ፤ ቀኖቹን ከማጥፋታችሁ በፊት ከመጀመሪያው ጉብኝት ስንት ቀን እንዳለፈና ጾም ወይስ ፍስክ እንደነበር ወደ ዓምድ ለውጡ። «ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚለውን ዓምድ ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያንብበው፤ «ባሌ እገሌ መትቶኝ ነው» የሚል እዚያ ነው የሚገኘው። የስምና የቁጥር መፍቻው ወረቀት ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የተሳታፊ ቁጥርም የካርድ ቁጥር ወይም የመጡበት ተራ ሳይሆን በዕጣ የወጣ ይሁን።

ሕጉም ይህን ያግዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይመድባል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በነፃ እንዲነበብ፣ ተመራማሪውም የዳታ አያያዝ ዕቅድ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሁለቱ አይጣሉም፤ የሚያስታርቃቸው የፈቃድ ቅጹ ነው። የድሮው ቅጽ «መረጃው ጥናቱን ከሚያካሂዱት በስተቀር ማንም አያየውም» ካለ ያ ዳታ አይለቀቅም። ቃል ተገብቶበታልና ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ የኮድ መፍቻውንና መጠይቁን ብቻ ማውጣት ይቻላል።

የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ዜኖዶ የሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ እያንዳንዱን ክምችት እስከ 50 ጊጋባይት በነፃ ይይዛል፤ ቋሚ የመለያ ቁጥርም ይሰጣል። ኦፕንኒውሮ የሚባለው ሌላው ማከማቻ ለቢድስ ዳታ የተሠራ ነው፤ ግን ዳታው ያለ ምንም ግዴታ እንዲለቀቅ ይጠይቃል። ምስጋና እንዲጠቀስላችሁ የምትፈልጉ ዜኖዶ ላይ «ሲሲ ባይ» የሚለውን ፈቃድ ምረጡ።

ብዙ አማካሪዎች «እኛ ለፍተን ሰብስበን ሌላው ቀድሞ ያትመዋል» ይላሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ለፍቶ ላገኘ ሰው የሚገባ ነው። ለዚህ ማከማቻዎቹ የእገዳ ቀን አላቸው፤ ዳታውን ዛሬ አስገብታችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲከፈት ማድረግ ትችላላችሁ። የመለያ ቁጥሩ ከነቀኑ ማን ቀድሞ እንደሰበሰበ ይመሰክራል። ፍላሽ ላይ ያለ ዳታ ግን ምስክር የለውም።

ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንጠይቀው የመመረቂያ ጥናት ፊርማ ወረቀት ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፤ የዳታው ማከማቻ ቁጥር፣ ወይም መልቀቅ የማይቻልበት ምክንያት። ይህን የሚያይ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይመደብ፤ የ50 ሰው መጠይቅ አይቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች ደግሞ የሚከተለው አንቀጽ በፈቃድ ቅጾች ላይ እንዲገባ ቢያደርጉ እንወዳለን። ከጥናቱ ፈቃድ ተለይቶ፣ የራሱ «እሺ» እና «አይ» ሳጥን ኖሮት፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ቀስ ተብሎ ይነበብ፤ «አይ» ያለ ሰው ጥናቱ ውስጥ ይቆያል፤ ዳታው ብቻ ለሌላ አይተላለፍም።

«የሰጡን መልስ ስምዎ፣ ስልክዎ፣ ቀበሌዎና ማንነትዎን የሚገልጽ ሌላ ነገር ሁሉ ወጥቶለት፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ተመራማሪዎች ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ ይቀመጣል። ማንነትዎ እንዳይታወቅ የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን፤ ሆኖም ፈጽሞ አይታወቅም ብለን ቃል ልንገባልዎ አንችልም። አንዴ ከወጣ በኋላ መመለስ አይቻልም። እስኪወጣ ድረስ ግን በማንኛውም ጊዜ ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ። ለሌሎች እንዳይሰጥ ቢፈልጉ ሕክምናዎም ሆነ በጥናቱ መሳተፍዎ አይቀየርም። እንዲቀመጥ ይፈቅዳሉ?»

ከአክብሮት ጋር
የምርምር ዳታ አያያዝ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር